ልጆቹን ማመልከቻ አታጽፏቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ደስ ሲለው የሚሠራ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ጋዜጣችሁን ጠዋት ጣፎ ላይ ገዝቼ ነው የምገባው። ደንበኛ እስኪመጣ ከፊት ገጹ እስከ ጨረታው ድረስ አነበዋለሁ። እስከ ዛሬ ግን ጽፌላችሁ አላውቅም።

ባለፈው እትማችሁ ውጭ አገር ኮሌጅ ለሚያመለክቱ ልጆች ምክር የሚሰጥ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ብዙው ልክ ነው፣ ይጠቅማልም። ልጁ ስለ ራሱ ጽፎ ለኮሌጁ ስለሚልከው ድርሰት የሚያወራው ቦታ ላይ ስደርስ ግን ቡናዬ አነቀኝ። "ለድርሰታችሁ የአንባቢውን ልብ የሚነካ ርዕስ ምረጡ" ይላል። በዚህች ምክር የተነሳ ስንት ጥሩ ልጅ መጥፎ ነገር ሲጽፍ እንዳየሁ ብነግራችሁ!

አንተን ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። የሚያገባኝ ጽሑፎቹ የሚታተሙት እኔ ቤት ስለሆነ ነው። ለብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በአንድ ላይ የሚመለከትበት ኮመን አፕ የሚባለው ድረ ገጽ በየዓመቱ ሐምሌ 25 ይከፈታል። የቸኮሉት እስከ ጥቅምት 22 ግድም፣ ሌሎቹ እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም ይልካሉ። ስለዚህ ከነሐሴ እስከ ገና ቤቴ በልጆች ይሞላል። ትራንስክሪፕት ስካን ያስደርጋሉ፣ ድርሰቱን አሳትመው ለእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው ይወስዳሉ። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ዓይኔን ጨፍኜ አልሰጥም፤ አነበዋለሁ። ከብዛቱ የተነሳ አሁን የመጀመሪያውን መስመር አይቼ የመጨረሻውን መገመት ጀምሬያለሁ።

"ኢትዮጵያ የ13 ወር ፀጋ ያላት አገር ናት" ብሎ ይጀምራል አንዱ። ልጄ፣ ያመለከትከው አስጎብኚ ድርጅት ነው እንዴ? ሌላው በድህነት ይጀምራል፤ እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች አሳደገችኝ፣ በኩራዝ አጠናሁ፣ ዶክተር ሆኜ ተመልሼ አገሬን አገለግላለሁ። ሦስተኛው "ሕይወት ትግል ናት" ይላል። 17 ዓመቱ ነው።

እናቶች እንጀራ አይሸጡም አላልኩም። የእኔም እናት ሸጣለች። ግን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አንብቤ ስጨርስ ስለ እናትየው ድካም አንድ ሙሉ ገጽ አውቃለሁ፣ ስለ ልጁ ግን ምንም። ኮሌጅ የሚገባው ደግሞ ልጁ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ይቀመጥና ባለጉዳይ ሲያወራለት እሱ ወደ ወረቀት ቋንቋ ይለውጠዋል። "ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ።" "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው።" "አቅመ ደካማ የስድስት ልጆች እናት መሆኔ ታውቆ።" ሴትየዋ ያሏት ሁለት ልጆች ናቸው፤ አራቱን የጨመረላት አባቴ ነው። ለምን ሲባል "ኃላፊው ካላዘነ አይፈርምም" ይል ነበር። አልተሳሳተም። እኛ ለማናውቀው ሰው ወረቀት ስንጽፍ የተማርነው ቋንቋ ይሄው ነው፣ ወይ ልመና ወይ ክስ። ስለ ራስ በደህና ማውራት ደግሞ ጉራ ይባላል። እንግዲህ ለልጁ "አፕሊኬሽን" የሚባል ነገር ሲሰጠው ማመልከቻ ቢጽፍ ምን ይገርማል?

ያ ድርሰት ግን ማመልከቻ አይደለም። እስቲ ፋይሉ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ አስቡት። ውጤቱ በትራንስክሪፕቱ ሄዷል። ክፍል ውስጥ እንዴት ያለ ልጅ እንደሆነ አስተማሪው ጽፎ ልኳል። የቤተሰቡ አቅም ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በሚባለው ወይም ኮሌጁ ራሱ ባዘጋጀው ፎርም ላይ በቁጥር ተሞልቷል፤ ስንት ይገባል፣ ስንት ይወጣል፣ ስንት ሰው ይተዳደርበታል። ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ከሆነ፣ ታሞ ከሆነ፣ ጦርነት አፈናቅሎት ከሆነ፣ ይህንን የሚያስረዳበት ቦታ እዚያው ኮመን አፕ ላይ ለብቻው ተቀምጦለታል። ድህነቱማ ተነግሯል! ያልተነገረው ልጁ ራሱ ነው፤ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያበሳጨው፣ አንድ ነገር ሲገጥመው አእምሮው በየት በኩል እንደሚሄድ። ለዚህ የተሰጠው ከ250 እስከ 650 ቃል ነው። ጮክ ብለው ቢያነቡት ረዘመ ከተባለ አምስት ደቂቃ ግድም። ሰባት ጥያቄ ቀርቦ አንዱን ምረጥ ይባላል፣ ሰባተኛው ደግሞ የፈለግከውን ጻፍ ነው። "የፈለግከውን" ስትሏቸው ልጆቻችን የሚደነግጡትን ድንጋጤ ብታዩት! ፈተና ላይ እንደዚህ ተብለው አያውቁም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፣ ሰው ላይ ብቻ ጣት እየቀሰርኩ እንዳይመስልብኝ።

የእህቴ ልጅ በ2015 ነው 12ኛ ክፍል የተፈተነው። ያ ዓመት ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2014ም 3.3 ነበር። ወላጅ ሁሉ ደንግጦ ሌላ በር ሲያንኳኳ እኛም አንኳኳን። ልጁ ጎበዝ ነው። አባቱ ስምንተኛ ክፍል እያለ ነው የሞተበት። እኔ ርዕሱን ቀድሜ መርጬለት ጠበቅኩት፣ የአባትህን ሞት ጻፍ አልኩት። እሱ ግን ስለ ዲኤስቲቪ ቤቱ መጻፍ ፈልጎ ነበር። ሳቅኩበት። "የኳስ ፕሮግራም ለአሜሪካ ኮሌጅ?"

የአባቱን ሞት ጻፈ። ያመጣውን አይቼ "አያስለቅስም" አልኩት፣ ሌላ ምን እንደምለው አጥቼ "ቀብሩን ጨምርበት" አልኩት። ቀብሩን ጨመረበት። ላክን። ከሁሉም ኮሌጅ አይሆንም ተባለ። በድርሰቱ ምክንያት ነው አልልም፤ ሙሉ የገንዘብ ድጋፍ ለሚፈልግ የውጭ ተማሪ በሩ ጠባብ ነው፣ ያለ ድርሰትም ይጠባል። ግን "ቀብሩን ጨምርበት" ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ እስከ ዛሬ እኔ ፊት የአባቱን ስም አንስቶ አያውቅም።

ያ የናቅኩት ዲኤስቲቪ ቤት ምን እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፣ የሳምንቱን ጨዋታ በእኛ ሰዓት የሚጽፈው እሱ ነው። እንግሊዞች በጥቅምታችን ውስጥ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ እኛ አንመልስም። ስለዚህ ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ይጀምር የነበረው ጨዋታ ድንገት 12 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሳምንት ሽማግሌው፣ ዘበኛው፣ ረዳቱ፣ ሁሉም ተሰብስቦ "አሳሳትከን" ብሎ ይጮህበታል፤ እሱ ደግሞ ጠመኔውን ይዞ ፀሐይን፣ መሬትን፣ ለንደንን እየሳለ ያስረዳል። አንድ ሽማግሌ "ታዲያ የእኛ ሰዓት ነው ወይስ የእነሱ የሚዋሸው?" ብለው ጠይቀውት ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብበት ከረመ። 16 ዓመቱ ነበር። ይሄ ነው እንግዲህ ለአሜሪካ ኮሌጅ አይመጥንም ብዬ የጣልኩት።

ስለ ደላሎቹም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ አልቆይበትም። ገንዘብ ተቀብለው "ኤሴይ እንሠራለን" የሚሉ አሉ። አምና በአንድ ሳምንት ሦስት ልጆች ሊያሳትሙ መጡ፤ የሦስቱም ድርሰት አንድ ነው፣ የተቀየረው የሰፈሩ ስም ብቻ። ሦስቱም በየቀኑ ወንዝ ተሻግረው ነው የተማሩት። አንዱን ቤቱንም ትምህርት ቤቱንም አውቃቸዋለሁ፣ በመሃላቸው ያለው አስፋልት ነው። "የቱ ወንዝ ነው?" ስለው ጆሮው ቀላ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አንዲት ልጅ ፍላሽ ይዛ መጣች። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው፣ ስሟን ግን አልናገርም። የድርሰቷ ርዕስ "ከጨለማ ወደ ብርሃን" ነው። ላትም ስል መብራት ጠፋ። ሁለታችንም ሳቅን። ጄኔሬተር የለኝም፣ መጠበቅ ብቻ ነው፣ ተቀመጠች።

"መብራት እንዲህ ከዋለ ነገ ማታ ውሃ አይጠበቅም ጋሼ" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ጽፌዋለሁ።" ከቦርሳዋ የባዮሎጂ ደብተሯን አወጣችና ከኋላ በኩል ገለበጠችው።

በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ ነው። ቀን፣ ውሃ የመጣበት ሰዓት፣ የሄደበት ሰዓት፣ ስንት ጀሪካን ሞላ፣ መብራት ነበር ወይስ አልነበረም። ከየካቲት ጀምሮ ገጽ በገጽ። አንዳንዱ መስመር ላይ "ተኝቼ አመለጠኝ" ይላል። እነሱ አራተኛ ፎቅ ናቸው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት። ምድር ቤት ያሉት ቧንቧ ከፍተው ከተዉት ግፊቱ እላይ አይደርስም። እናቷ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ታድር ነበር፤ ልጅቷ ያን አይታ ነው መመዝገብ የጀመረችው። ሁለት ወር ከመዘገበች በኋላ ደብተሩን ይዛ የደረጃቸውን ሰዎች በር አንኳኳች። ሐሳቧ ቀላል ነው፤ ውሃው ሲመጣ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት የታችኞቹ ይሙሉ፣ ከዚያ ይዝጉ፣ የላዮቹ ይቀጥሉ።

ሁሉም እሺ ሲሉ ምድር ቤት ያሉት አንዲት እናት እምቢ አሉ። "ውሃው ራሱ ወደ እኔ መጣ እንጂ እኔ አልጠራሁትም" አሏት። ልጅቷ አልተከራከረችም። ተመልሳ አሰበችበት። ሴትየዋ ሁሌ የሚጣሉት በራቸው ላይ በሚንጠባጠበው ውሃና ጭቃ እንደሆነ ታውቃለች። ጭቃውን የሚያመጣው ማነው? ውሃ ያልደረሳቸው የላይ ቤት ሰዎች ናቸው፣ ከታች ቀድተው ጀሪካን ተሸክመው በሳቸው በር ሲያልፉ። በማግስቱ ሄዳ ስለ ውሃ አንድም ቃል ሳታነሳ "እማማ፣ ይሄ በርዎ ላይ ያለው ጭቃ እንዲቀር ይፈልጋሉ?" አለቻቸው። አሁን ቧንቧውን ከሁሉም ቀድመው የሚዘጉት እሳቸው ናቸው።

አንድ ሐሙስ ደግሞ ዛሬ ይመጣል ብላ ሰው ሁሉ ጠብቆ ሳይመጣ ቀረ። ሰደቧት። ደብተሩ ላይ ያ ሐሙስ አጠገቡ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አለው። "ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም" አለችኝ፣ ፊቷ ላይ ንዴት ይታያል።

"ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍሽውም?"

"ጋሼ ደግሞ! የውሃ ነገር እኮ ነው።"

እንግዲህ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። እጇ ላይ ያለውን ነገር ርዕስ ነው ብሎ የነገራት ሰው የለም። ርዕስ ማለት ልብ የሚነካ፣ ትልቅ፣ ከሩቅ የሚታይ ነገር እንደሆነ ከእኛ ከአዋቂዎቹ ነው የተማረችው። ሜሪላንድ ያለች አክስቷ በስልክ ምን እንዳለቻት ታውቃላችሁ? ስለ ድህነት ጻፊ ያለቻት እሷው ራሷ፣ ልጅቷ ሐሳቧን ቀይራ ስትነግራት "ስለ ጀሪካን ጽፈሽ ልታዋርጂን ነው?" አለቻት። ድህነት በጥቅሉ አያሳፍርም ማለት ነው። ጀሪካን ሲሆን ነው የሚያሳፍረው።

ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ ለሌላውም ልጅ ይጠቅም ይሆናል። ለእኔ እንዳወራችኝ አድርጋ በአማርኛ ስልኳ ላይ እንድትቀዳው ነገርኳት። እንግሊዝኛው ቀጥሎ ይመጣል፤ ቀድሞ ከመጣ ግን ልጆቻችን ቶሎ ወደ መጽሐፍ ቋንቋ ይሄዱና ሰውየው ይጠፋል። ቀዳችው፣ ከዚያ ጻፈችው። 900 ቃል ወጣው። ለመቀነስ ስትቀመጥ መጀመሪያ የቆረጠችው "ሕይወት ከባድ ናት" የሚለውን አንቀጽ ነው፣ ራሷ ናት የቆረጠችው። የሴትየዋን "እኔ አልጠራሁትም" ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀባት። በመጨረሻ በዚያው ዓረፍተ ነገር ጀመረችው።

አንድ ቀን ደግሞ እንዲያሳምርላት ብላ ለቻትጂፒቲ ሰጠችው። ሲመልስላት ሴትየዋ የሉም። ጭቃው የለም። የጥያቄ ምልክቱም የለም። በምትኩ "ጽናት" የሚል ቃል ሦስት ቦታ ገብቷል። ደንግጣ ወደ ድሮው ተመለሰች። ያንን አስጽፎ የራሴ ነው ብሎ መላክ ኮመን አፕ ራሱ እንደ ማጭበርበር የሚቆጥረው ነገር እንደሆነ ልጆቹ ይወቁት። እኔ ግን ከደንቡ ይልቅ የሚያሳዝኑኝ ተሰርዘው የቀሩት ሴትዮ ናቸው።

እኔ የነካሁት ነገር ቢኖር ሁለት የፊደል ግድፈት ነው። ከእህቴ ልጅ በኋላ እጄን መሰብሰብ ተምሬያለሁ።

ስለዚህ ለወላጆችም፣ ለእናንተም ለጋዜጠኞቹ የምለው አለ። ልጁን "ምን የሚያሳዝን ነገር ደረሰብህ?" አትበሉት። ሰው ምን ሊጠይቅህ ይመጣል በሉት። ማንም ሳያዝህ የምትሠራው ምንድን ነው፣ በምን ጉዳይ ነው ሰው እምቢ ብሎህ መንገድ የቀየርከው? አያቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ፣ ወረዳ ቢሮ ሲሄዱ የሚያስተረጉሙት ልጅ አውቃለሁ። የጸሐፊውን ቁጣ ለአያቱ እያለዘበ፣ የአያቱን ስድብ ለጸሐፊው እያለዘበ ሁለቱንም አስማምቶ የሚመለስ። እሱ ግን የጻፈው ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ነው፣ ከኢንተርኔት ገልብጦ።

መከራውን መጻፍ ክልክል ነው ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። እዚህ ሰፈር ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ልጆች አሉ። የሚጽፉት እሱን ከሆነ ይጻፉት፣ ማን ይከለክላል። ምርጫው ግን የልጁ ይሁን። እዚህ ጋ አልናገርም ያለውን ቦታ እንለፍለት። ከጻፈም በዚያ መሃል እሱ ምን አደረገ፣ ምን አሰበ፣ ምኑ ላይ ተሳሳተ የሚለው ይታይ። አለበለዚያ የአባቴ ወረቀት ነው የሚሆነው፣ አራት ልጅ የተጨመረበት።

ልጅቷ ጥቅምት ላይ ላከች። መልሱ ገና ነው። ትገባ አትገባ አላውቅም፣ ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ሌላው የእነሱ ጉዳይ ነው። የደብተሯን ሠንጠረዥ ግን ኮፒ አድርጌ ቤቴ መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አሁን ሰው ለፎቶ ኮፒ ሳይሆን እሱን በስልኩ ሊያነሳ ይመጣል። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ መብራትም ትናንት አልጠፋም። በሷ ስሌት ማታ አራት ሰዓት ተኩል ግድም ውሃ ይመጣል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ ተራዬ ከታችኞቹ በኋላ ነው፣ ገና ጀሪካኖቼን አላጠብኩም።

አንባቢያችሁ፣ ከየካ አባዶ